ውልወላና ጭረት

ክብ ጭረት የሚባለው በመኪና ቀለም ላይ ፀሐይ ወይም አምፖል ሲያርፍበት ብቻ ብቅ የሚል፣ ብርሃኑን ከብቦ የሚሰፋ የስስ ጭረቶች መረብ ነው። ጥላ ውስጥ አይታይም፤ ሰማዩ ሲደምን አይታይም፤ ባለቤቱ መኪናዋን ለገዢ ሲያሳይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጥፍር ቢሄድበት አይሰማም። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ሌላ ዘር ነው፤ እሱ የቀጋ እሾህ፣ የአጥር እንጨት ወይም ደባርቅ መናኸሪያ ውስጥ ቦታ ሲሻማ የዋለ የሌላ መኪና ፓራውልት ሥራ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለላሜራ ሠሪና ለሽማግሌ ይተዋል።

ክብ መምሰሉ ራሱ የዓይን ማታለያ ነው። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተዘበራረቁ ናቸው፤ ብዙዎቹም ቀጥ ያሉ አጫጭር መስመሮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብርሃኑን ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚመልሱት ለብርሃኑ አግድም የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ፣ በፀሐይቱ ምስል ዙሪያ ክብ የተሰመረ ይመስላል። ተመልካቹ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቢል ክቡም ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ «ልጁ እጁን እያዞረ ስላጠባት ነው» ተብሎ በላቫጆ ሠራተኛ ላይ የሚቀርበው ክስ ግማሹ ውድቅ ነው፤ ቀጥ አድርጎ ቢያሽም ያው ክብ ይታይ ነበር። ግማሹ ግን ይጸናል፤ እሽታው ባይኖር ጭረቱም አይኖርም ነበር።

የዘመኑ መኪና ቀለም አንድ ነገር አይደለም። ላሜራው ላይ መጀመሪያ ዝገት መከላከያው ይቀባል፣ በላዩ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መልክ የሌለው፣ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ሽፋን። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የተለመደ ሆኗል። ከፋብሪካ የወጣው ቀለም ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን 40 ወይም 50 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው፤ ከአንድ ዘለላ የራስ ጸጉር ይቀጥናል። ክብ ጭረቱ የሚኖረው በዚህች ስስ ሽፋን የላይኛው ፊት ላይ ሲሆን፣ ጥልቀቱም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን አያልፍም። ባለቤቱ እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር መጠኑ ይኸው ነው።

የሚቧጭረው በአመዛኙ ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ የያዘው አቧራ ነው። በአቧራ በኩል ደግሞ የስሜን ግርጌ አይታማም። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ናቸው፤ ድንጋያቸው በብዛት ባዛልት ነው። ባዛልት ሲደቅ የሚወጡት ማዕድናት፣ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት የሞስ መለኪያ 5 እና 6 አካባቢ ይቆማሉ፤ ተራ የቢላዋ ብረት 5 ተኩል ገደማ ነው። ክሊሩ ግን በባሕርዩ ፕላስቲክ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ በቡይት ራስ አድርጎ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ይህንኑ ድንጋይ በጎማ እየፈጨ ለመጣ ለሄደው ያድላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፓርክ ለማየት የሚወጣ ላንድ ክሩዘር ሁሉ ማታ ሲመለስ ከቅርሱ ጥቂቱን ኮፈኑ ላይ ጭኖ ነው። ይህ አቧራ ቀለሙ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይጎዳም። ችግሩ የሚጀምረው መኪናውን የሚወደው ሰው ሲመጣ ነው።

ከወዳጆቹ ሁሉ ቀዳሚው ሹፌሩ ነው። ከደባርቅ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ጎንደር የሚገባ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ይቆማል። ረዳቱ አምስት ወንበር ባዶ እያለ «የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ሹፌሩ እጁን አጣምሮ መቆም ስለማይሆንለት ከወንበሩ ሥር ጨርቁን ያወጣል። ይህ ጨርቅ ታሪክ አለው። ሥራ የጀመረው በሹራብነት ነው፤ ከዚያ መስታወት ጠረገ፣ የሞተር ዘይት መለኪያውን ዘንግ ጠረገ፣ ጎማ ሲቀየር ከጉልበት ሥር ተነጠፈ፣ አሁን ደግሞ ለኮፈኑ ታጭቷል። ከመጀመሩ በፊት ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጭኑ ላይ ያራግፈዋል፤ የጽዳት ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከዚያም የሌሊቱ አቧራ ሳይርስ፣ ሳይነፋ፣ በደረቁ ከግራ ወደ ቀኝ ይታሻል። መኪናዋ ለአንድ ሰዓት ያህል ታበራለች። ተሳፋሪ ደግሞ የምታበራ መኪና ይመርጣል፤ ንጹሕ ኮፈን የጥሩ ፍሬን ምስክር ይመስለዋል። ስለዚህ ሹፌሩን «አትጥረግ» ብሎ መምከር «ሰው አትጫን» እንደ ማለት ይቆጠርብናል።

ላቫጆው ሁለተኛው ነው። እዚያ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፤ ከጃን አሞራ ጭቃ ተሸክሞ የወረደ አይሱዙ፣ የከተማ ባጃጅ፣ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ፣ የአንድ ነጋዴ ቪትዝ። ባልዲው ግን አንድ ነው። ኦሞው ይበጠበጣል፣ ስፖንጁ ይነከራል፣ አይሱዙው ይታሻል፤ በዚያው ውሃ ባጃጁ ይከተላል፤ ተራው ቪትዟ ላይ ሲደርስ ከስፖንጁ የሚወጣው የጃን አሞራ መሬት ነው። «ጋሼ፣ በደረቅ ጨርቅ ላድርቅልዎ?» ይላል ልጁ፤ «ጠረግ ጠረግ አድርጋት እንጂ!» ይላሉ ጋሼ። ሁለቱም በቅን ልብ ነው የሚነጋገሩት። ልጁ ቢያንስ ጎማውን በመጨረሻ ቢያጥብ፣ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ቢወርድ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚጀምረው ብዙ ጭቃ ካለበት ነው፤ ለመነሻ ደስ የሚለው እሱ ስለሆነ።

ሕፃናት ደግሞ አሉ። የቆመ መኪና የኋላ በር ላይ በቂ አቧራ ካለ ስም ይጻፍበታል፣ «አርሴናል» ይጻፍበታል፣ ፊደል የቆጠረው «እጠበኝ» ይላል። ጸሐፊው ጣቱን እንጂ ድንጋይ አልያዘም፤ ከጣቱ ሥር ያለው ግን የተፈጨ ባዛልት ነው። መኪናዋ ታጥባ ከደረቀች በኋላ ፀሐይ ሲያገኛት «አርሴናል» እንደገና ይነበባል። የሌላ ቡድን ደጋፊ የሆነ ባለመኪና ይህን የመሰለ ጽሑፍ ለዓመታት ተሸክሞ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚብሰው ሠርግ ነው። በጥር ወር ለሙሽራ የምትታጨው መኪና ጥቁር ብትሆን ይመረጣል፤ ጥቁር ደግሞ ክብ ጭረትን ከማንኛውም ቀለም ይበልጥ ያጎላል። ነጭና ብርማ ይሸሽጋሉ፤ የመሥሪያ ቤት ነጭ ላንድ ክሩዘር ሹፌር «እኔ ጠንቃቃ ነኝ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። የሙሽራዋ መኪና ሌሊቱን ትታጠባለች፤ ንጋት ላይ በደረቁ ትወለወላለች፤ አበባው በፕላስተር ይለጠፍባታል፤ ሪባኑ ከግንባሯ እስከ ኋላዋ ይዘረጋል። ከዚያ ዳባት ድረስ አጀብ ትመራለች። አጀብ መሪ ስለሆነች ከፊቷ አቧራ ባይኖርም ካሜራ ያነገበው ፒክአፕ እየቀደመ ያቦናል፤ ሪባኑም በነፋስ እየተርገበገበ አቧራውን ቀለሙ ላይ ይደልዘዋል። ለፎቶ ሲቆም አንደኛው ሚዜ ኮፈኑ ላይ ይቀመጣል። በጂንስ ኪስ ላይ ያሉት የመዳብ ቁልፎች የሚያደርጉትን በፖሊሽ ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ በደስታው ቀን ደግሞ ሚዜ «ውረድ» አይባልም።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ሲኖትራክ ብቻ ነው። ጠጠር ያመላልሳል፣ ማንም አይወለውለውም፣ ዝናብ ያጥበዋል። ቀለሙ ተፈንክቷል፣ ጎኑ ተደርምሷል፤ ክብ ጭረት ግን ቢፈለግ አይገኝበትም።

ጭረቱን ለማየት ጊዜው መታወቅ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ የሊማሊሞ ጉም ደባርቅን ሲሸፍን ሁሉም መኪና አዲስ ነው። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ የሁሉም ገበና ይወጣል። ልምድ ያለው ደላላ መኪና በጉም ያሻሽጣል፤ ልምድ ያለው ገዢ ደግሞ የሞባይሉን መብራት አውጥቶ በዝግታ በኮፈኑ ላይ ያንሸራሽራል። ከዚያም አለፍ ብሎ ጎኗን በጣቱ ያንኳኳል፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠች ስቱኮ በልታለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ከሰቀለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና የርስት ያህል ስለምትታይ ምርመራው በርትቷል።

ወደ ማስወገዱ ሲመጣ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ጭረት የማይነቀል መሆኑ ነው። ጭረት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ ተነቅሎ አይጣልም። ፖሊሽ የሚሠራው የጸጉር አስተካካይ መቀስ ያጎደፈውን ራስ ዙሪያውን ቆርጦ እንደ ማስተካከል ነው፤ በጭረቱ ግራና ቀኝ ያለው ክሊር ተልጎ ወደ ጭረቱ ወለል ይወርዳል፣ ያኔ ጭረቱ የለም ይባላል። ተላጭቶ እንዳያልቅ መቁጠር ያስፈልጋል። አንድ ዙር ሥራ ከአንድ እስከ ሦስት ማይክሮን ያህል ይወስዳል። ክሊሩ ውስጥ ያለው የፀሐይ መከላከያ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በውፍረቱ ልክ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል ከፍ ባሉ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደባርቅ ፀሐይዋ ቀዝቃዛ ብትመስልም የምታወርደው ጨረር ቀላል አይደለም። ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ ክሊሩ ነጥቶ መላጥ ከጀመረ ፖሊሽ ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም፤ መፍትሔው ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው።

ከእውነተኛው ሥራ በፊት ሦስት የቤት መድኃኒቶች ይሞከራሉ። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ጭረቱን ሞልቶ ያስጠፋዋል፤ ዳባት እስኪደረስ ድረስ። እዚያ ሲደረስ በመንገዱ ያለው አቧራ ሁሉ በናፍጣው ተጣብቆ ይገኛል፣ ቀጣዩ ውልወላም በዚያው ልክ ይከፋል። ቫዝሊን ያው ነው፤ ሽታው ብቻ ይሻላል። የጥርስ ሳሙና ግን ከሁለቱ ይለያል፤ ጥርስ የሚፍቅ ስስ ደቃቅ ስላለው በእርግጥ ትንሽ ይልጋል፤ በበር እጀታ ሥር ያለች የጥፍር ምልክት ታክል ቦታ ይሠራል። ኮፈን ሙሉ ለመሥራት የሚጠይቀው የሳሙና ብዛትና የክንድ ጉልበት ግን የቤተሰቡን ጥርስ ያስከፋል። ሱቅ ከሚሸጡት ጠርሙሶችም ብዙዎቹ ሞይ እንጂ ላጊ አይደሉም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው መኪናዋ ሁለት ጊዜ በሳሙና ከታጠበች በኋላ ጭረቱ ሲመለስ ነው።

ሥራው በእጥበት ይጀምራል፤ በሚገባ ባልታጠበ መኪና ላይ ፖሊሽ ማድረግ በእጅ የተሠራውን ጭረት በማሽን መድገም ነው። ቀጥሎ ጥላ ይፈለጋል፤ ፀሐይ ላይ የጋለ ላሜራ ፖሊሹን ያደርቀዋል። ከዚያ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ይሞከራል። ሙከራው ሁልጊዜ ከለስላሳው ፖሊሽ ይነሣል፤ እሱ ካልቻለ ብቻ ሻካራው ኮምፓውንድ ይከተላል፣ ከሻካራው በኋላ ደግሞ ለስላሳው ይመለሳል። ብዙ ሰው ግን በቀጥታ በሻካራው ይጀምራል፤ «ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ማለት በመድኃኒት ቤትም የተለመደ ነው።

በዚህ ሙከራ ላይ ጨርቁ መታየት አለበት። ነጭ ጨርቅ የመኪናዋን ቀለም ይዞ ከወጣ ክሊር የላትም፤ የሚላገው ራሱ ቀለሙ ነው። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ዘንድ ይህ ያጋጥማል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት አራት ጊዜ በየጋራዡ የተቀቡትማ ምን ምን እንዳለባቸው የሚያውቀው የቀባቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለች መኪና በእጅና በትዕግሥት ትሠራለች።

ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአንድ ምሕዋር ቀጥ ብሎ የሚሽከረከር ነው፤ ኃይለኛ ነው፣ በማያውቅ እጅ ግን ቀለም ያቃጥላል፣ ራሱም የደበዘዘ የቀስተ ደመና ጥላ ትቶ ይሄዳል። ሌላው እየተሽከረከረ የሚወዛወዝ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ለጀማሪ ይምራል። ሦስተኛ ዓይነት አለ የሚል ካለ ብረታ ብረት ቤት ያለውን ግራይንደር ማለቱ ነው። ፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ሲዞር፣ ትንሹ ግራይንደር 11,000 ገደማ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ጭረቱ በእርግጥ ይጠፋል፤ ክሊሩም፣ ቀለሙም፣ ዝገት መከላከያውም አብረው ይጠፋሉ። የበር ጠርዝና የኮፈን መታጠፊያ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ በትክክለኛው ማሽንም ቢሆን በእጅ ብቻ ይነካል።

ማሽኑ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ስፖንጅ ወይም የበግ ሱፍ ነው። የበግ ሱፍ ሲባል የስሜን በግ ጸጉራም መሆኑ የታወቀ ነውና አጎዛ ቆርጦ ለመግጠም ሐሳብ የሚያቀርብ አይጠፋም። አጎዛው ከሳሎን የመጣ ከሆነ የሃያ ዓመት የእንግዳ አቧራ ይዟል፤ ቆዳው በሙቀት ይኮማተራል፤ እናትየውም ይቀየማሉ። ለሥራው የተዘጋጀው ሱፍ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው፣ ንጹሕና ጠንካራ መደብ ላይ የተሰፋ ነው።

ሥራው ሲካሄድ ማሽኑ በቀስታ፣ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ግማሽ እየተደረበ ይሄዳል፤ ከዚያ አግድም ይደገማል። በዚህ መካከል መብራት ይሄዳል። ይህ ከሥራው ቅደም ተከተል እንደ አንዱ ቢቆጠር ይሻላል። ግማሽ ኮፈን የሚያብረቀርቅ፣ ግማሹ የነበረበት ሆኖ መኪናዋ ለሦስት ቀን በከተማው ትታያለች፤ ለላቫጆው ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይገኝም። ፖሊሹ እንዳይደርቅ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ማንሳት ግን ግድ ነው።

በመጨረሻ ሰም ይቀባል። ሰም ጭረት አያወጣም፤ ውሃ ያንከባልላል፣ አቧራ በቀላሉ እንዲታጠብ ያደርጋል። አዲስ የተቀባች መኪና ግን ከጋራዥ እንደ ወጣች ሰም አትቀባም፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር ተንኖ እስኪወጣ አንድ ሁለት ወር መጠበቅ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥንቃቄ በአንድ ጀሪካን ውሃ ይጠቃለላል። ክብ ጭረት የሚወለደው ከእሽታው በፊት አቧራውን የሚያወርድ ውሃ ስለሚጎድል ነው። ስፖንጅ ከመንካቱ በፊት 20 ሊትር ከላይ ወደ ታች ቢፈስ፣ አንዱ ባልዲ ለሳሙና ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ ቢለይ፣ ማድረቂያውም ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ ቢሆን አብዛኛው ጭረት አይፈጠርም። እጥበቱ ጠዋት ሊሆን ከሆነ ውርጩ ሳይጠፋ አይጀመር፤ እኩለ ቀንም ቢሆን ሳሙናው ከመታጠቡ በፊት ይደርቃል። ጀሪካኑ ከሩቅ በጀርባ ወይም በአህያ በሚመጣበት ቀን ግን ይህን ምክር መስጠት ለሰጪውም ያሳፍራል። እንዲህ ባለ ቀን የተሻለው ዘዴ መኪናዋን አለመንካት ነው። አቧራ የለበሰች መኪና አቧራ ብቻ ነው የለበሰችው፤ መስታወቷና ታርጋዋ ከተጠረጉ ትሄዳለች።

ስንት ጊዜ ፖሊሽ ይደረግ ለሚለው፣ ለከተማ የቤት መኪና በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ለስላሳው ይበቃታል። በየበዓሉ የምታስደርግ ከሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ክሊሯን ትጨርሳለች። ኮድ 3 ሆና ጠጠር ላይ የምትውል መኪና ደግሞ ለመሸጥ ካልሆነ በቀር ባትነካ ይመረጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጭረቷ ይመለሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆረጠው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለምትመላለስ መኪና ግን የፖሊሹ ገንዘብ ለፍሬን ሸራ ይዋል።